«የመሠረት» ያልተባለበት ተረት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ስንት ጾም ገብቶ ወጣ፤ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስናዘዝ ይህችን አንዷን እየዘለልኩ ኖርኩ። ልጄን ዋሽቻታለሁ። አውቄ ነው የዋሸኋት።

በደርግ ጊዜ ነው። ባሌ ሞቶ ከሶማሌ ተራ ጀርባ በአንዲት የቀበሌ ክፍል እንኖር ነበር። ልጄ ብርቱካን ገና አምስት ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ በርበሬ ስቸረችር ውዬ ስገባ ተረት ንገሪኝ ትላለች። ስነግራት ደግሞ መከራዬን ታበላኛለች። አንበሳው የእውነት ተናገረ? ቤቱ የት ነው? ጦጣዋ አሁንም አለች?

አንድ ቀን መረረኝና ቁጭ አድርጌ አስተማርኳት። «‹ተረት ተረት› ስልሽ ‹የመሠረት› ትያለሽ አይደል? ከዚያ በኋላ የምነግርሽ የፈጠራ ነው። እሱን ሳልል የነገርኩሽ ግን እውነት ነው።» ገባት። እኔ ስዘነጋ እንኳ እሷ ታርመኝ ጀመር።

ከዚያ የአፈሳው ሰሞን መጣ። ወጣቱ ከገበያ መሀል እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይጫናል። ታናሽ ወንድሜን ታደለን፣ መርካቶ ውስጥ ተሸካሚ ነበር፣ ከጣውላው ኮርኒስ በላይ ደበቅኩት። ጠዋት የቀበሌ ጥበቃዎች መጡ።

«እትዬ፣ ወንድ አለ?» አለኝ ጠመንጃ የያዘው።

«የለም» አልኩ።

«አጎቴ ኮርኒስ ውስጥ ነው» አለች ብርቱካን።

እንዴት ምላሴ እንደታዘዘልኝ አላውቅም። «የነገርኳት ተረት ነው። ጣሪያ ውስጥ የሚኖር ጦጣ አለ ብያት ነው።»

«አይደለም» አለች። «‹የመሠረት› አላልኩም እኮ።»

በጥፊ መታኋት። ሰውየው ሳቀ። «ተረትና እውነት እንድትለይ ያስተምሯት እንጂ እትዬ። ነገ ሰው ታስጨርሳለች።» ሄዱ።

እስከዚህ ያለውን እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል ብዬ አምናለሁ። በማግስቱ ታደለን ወደ አገር ቤት ሸኘሁት፤ ተረፈ። ተመስገን። የእኔ በደል ከዚያ በኋላ ነው። ጊቢ ውስጥ እንዳታወራ ፈርቼ፣ ባነሳችው ቁጥር «ማንም አልነበረም፣ ሕልም ነው ያየሽው» እላት ነበር። «አይቼዋለሁ» ትላለች። «አላየሽም» እላታለሁ። ሰለቸኝ፤ ጮህኩባት። በስንት ጭቅጭቅ ያስተማርኳትን በገዛ እጄ አፈረስኩት። በመጨረሻ ዝም አለች። አንድ ቀን ብቻ «አባዬስ? እሱም ተረት ነው?» አለችኝ። አርፈሽ ተኚ አልኳት። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲህ ብሎ የሚመልስ ምን ዓይነት እናት ነው?

ባለፈው ፋሲካ ሁላችንም አንድ ማዕድ ላይ ነበርን። ብርቱካን ዛሬ የልጆች እናት ናት። «ልጅ ሆኜ አጎቴ ኮርኒስ ውስጥ ይኖራል እያልኩ እማዬን አስቸግራት ነበር» ብላ ለልጆቿ አወራች። «በእውኔ ያየሁትንና በሕልሜ ያየሁትን መለየት አልችልም ነበር። ዛሬም ያየሁትን ነገር ሰው ካልመሰከረልኝ አላምንም።» ልጆቿ ሳቁ። ታደለ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ እንጀራ ጨመርኩለት።

ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ያ ጠመንጃ የያዘ ሰው ከሄደ ስንት ዘመኑ ነው? ታዲያ በዚያ ማዕድ ላይ ማንን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት?