ሦስት ጥላና አንድ የሚያንኮራፋ ሰው

ሰው የተሳለበት ጉዳይ ገና ሳይሳል ተፈጽሞ ከነበረ፣ ስለቱን ማግባት አለበት ወይስ የለበትም? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም።

ዕድሜዬ ወደ አርባ ሲጠጋ ነው። ልጆቼ የሚሆኑ ተማሪዎች "እትዬ፣ አስኮርጂን" እያሉ ሲያሳድዱኝ የማታ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ መምህራን ኮሌጅ የመግቢያ ፈተና ልፈተን ከጎረቤላ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ማስታወቂያው ላይ "ያረፈደ አይገባም" ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ኮሌጁ ጎልማሶችን የሚቀበለው ለመጨረሻ ጊዜ ስለሆነ፣ ለከርሞ የሚባል ነገር የለም። እኔ ደግሞ ማርፈድ አላውቅም፤ ለቅሶ እንኳ ድንኳኑ ሳይተከል እደርሳለሁ።

ሚኒባሱ ዳገቱን እንደጨረሰ ጉም ውስጥ ገባ፣ ሁለት ጊዜ አሳለና ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩ ላይ ተደፍቶ "አሁን ይነሳል" አለ። አሥራ አንድ ጊዜ "አሁን" ማለቱን ቆጥሬያለሁ። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። የሚያልፍ መኪና የለም። ከአጠገቤ ካፖርት የለበሱ ሰውዬ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው ያንኮራፋሉ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ "እመቤቴ ማርያም፣ ለፈተናው ካደረስሽኝ ለታቦትሽ ጥላ አገባለሁ" ብዬ ተሳልኩ። ሞተሩ አልተነሳም። ሁለት ተኩል ላይ ለሚካኤልም ጥላ ተሳልኩ። ለሦስት አምስት ጉዳይ ሲሆን ጊዮርጊስን ጨመርኩ፤ ፈረስ ስላለው ፈጥኖ ይደርሳል ብዬ ነው።

ሦስት ሰዓት ሞላ። ከዚያ ወዲያ የምሳለውም የምለውም አልነበረኝም። "ጌታዬ፣ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" አልኩና መጽሐፌን ዘጋሁ። ዕንባዬ መጣ።

ሰውዬው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። "ምን ሆነሽ ነው፣ እህቴ?"

"ኮሌጅ ፈተና ነበረኝ። ይኸው ተጀመረ።"

"አልተጀመረም።"

"ሦስት ሰዓት ሆነ እኮ!"

"ቢሆንም አልተጀመረም" አሉና ተመልሰው ተኙ።

በሰው መከራ እንዲህ የሚቀልድ ገጥሞኝ አያውቅም። ትከሻዬን ነጠቅኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ ከአልዩ አምባ ፍየል የጫነ የጭነት መኪና ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። የፍየሎቹ ነጋዴ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "ከኋላ ውጡ! አላህ ካለ እንደርሳለን። እህቴ፣ መጽሐፍሽን ግን እቀፊ፤ ፍየሎቹ ወረቀት ይወዳሉ" አሉ። ሌሎቹ ሾፌሩን አምነው ቀሩ። እኔ የኮሌጁ በር ላይ ወድቄም ቢሆን እለምናለሁ ብዬ ወጣሁ፤ ባለ ካፖርቱም ተከተሉኝ። መጽሐፌ ተረፈ። የነጠላዬ ጥለት ግን ተበላ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ ተፈታኞቹ በሙሉ የተቆለፈ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ባለ ካፖርቱ በመሀላቸው አልፈው ከቀበቷቸው ላይ ሁለት ቁልፍ ፈቱ፤ አንዱ የአዳራሹ፣ አንዱ የጥያቄ ወረቀቱ የተቆለፈበት ሣጥን ቁልፍ። ፈታኙ እሳቸው ነበሩ።

"አልተጀመረም አላልኩሽም?" አሉኝ። "በይ ገለባውን ከራስሽ ላይ አራግፊና ግቢ።"

አለፍኩ። ዛሬ አስተማሪ ነኝ። ሦስቱንም ጥላ በየደብሩ አገባሁ፤ ነገሩን ግን ለማንም አልተነፈስኩም። መልሱ ከጎረቤላ ጀምሮ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ሳለ ያን ሁሉ ታቦት ማስቸገሬ ያሳፍረኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ "እንዲያ እንቅልፍ የሚወድ ሰው፣ በዚያ ብርድ ማን ቀስቅሶ አጠገብሽ አስቀመጠው?" አሉ።

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። "እሺ አባ፤ ታዲያ ከሦስቱ በማን አማላጅነት ነው?" አልኳቸው።

መስቀላቸውን ፊታቸው ላይ ጋረዱ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ይሄኔ ዝናቡ ጀመረ።

"ጥላ ይዘሻል?" አሉኝ።

"አልያዝኩም፣ አባ።"

"ከሦስቱ አንዱን እንኳ ለራስሽ ሳታስቀሪ!" አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ራሴ ላይ ጣል አደረጉልኝ።