ላስቲክ የለበሰው ወንበር

ደንበኞቹ ሁሉ «ኡስታ»፣ ማለትም ጌታው ባለሙያ፣ የሚሉት የካይሮው መካኒክ ዋጊህ ሰውየውን ገና ሲያየው ጠላው። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ያበራል፤ አሮጌ መኪናው ግን ጋራዡ በር ላይ እንፋሎት ትተፋለች።

«ራዲያተሩ ውሃ አልይዝ ሲለኝ ቀዳዳውን ይደፍናል ብዬ ከሙን ጨመርኩበት፣ ኡስታ።»

«ሾርባ ልትሠራ ነው እንዴ፣ ኢንጂነር?»

ራዲያተሩ ዙሪያውን ደረቅ ነው። ዋጊህ የጋቢናውን ምንጣፍ ሲገልጠው ግን ረጥቧል። ጣቱን ነክሮ አሸተተው፤ ከሙን ከሙን ይላል። ያፈሰሰውን የማሞቂያ ቱቦ ቀየረና ላስቲክ የለበሰውን የጋቢና ወንበር አየው።

«ላስቲኩ ምንድነው?»

ሰውየው እጅጌውን አስተካከለ። «እናቴ ናት እዚያ የምትቀመጠው። እርጥበቱን ሳይ ሽንቷ ያመለጣት መሰለኝ።»

ዋጊህ ላስቲኩን ገፎ በተተኮሰው ሸሚዝ ላይ ወረወረበት።

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ይቅርታ ጠየቀችኝ።»