አጭር አንገት ያለው ግመል

አባቴ የቅመም ቤቱ በር ላይ ያሣለው ግመል አንገቱ አጭር ነበር። ሠዓሊው በሕይወቱ ግመል ያየ አይመስለኝም፤ በልጅነቴ «በቅሎ ነው» እያልኩ አባቴን አናድደው ነበር። ያም ሆኖ ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር። ለሠርግ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ሊገዛ ከማክሰኝትም ከትክል ድንጋይም የሚመጣ ገበሬ «ግመሉ ቤት የት ነው?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው።

እስራኤል የገቡ የድሮ ደንበኞቻችን ቅመማችንን በዘመድ ያስልኩ ነበር። ኮምፒውተር ተምሬ የተመለስኩ ሰሞን፣ ለእነሱ ብዬ ግመሉን ኢንተርኔት ላይ ላወጣው ተነሣሁ። ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ ለድረ ገጻችን ያሰብኩትን ስም ብጽፍ ተይዟል አለኝ። ገጹን ስከፍተው የእኛው ግመል ከነአጭር አንገቱ ብቅ አለ። ከሥሩ «ይህ ስም ይሸጣል» የሚል ጽሑፍና ስልክ ቁጥር አለ። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።

ከአባቴ ጋር ብዙ ዘመን የሠራ፣ እኔንም አዝሎ ያሳደገ ሰው ቁጥር ነበር። ማክሰኝት የራሱን ሱቅ ሲከፍት አባቴ የነጋዴ ወጉን አድርሶለታል፤ ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶቻችን ተጠርተው፣ ዱዓ ተደርጎ፣ «በግመሉ ነግድ» ተባለ። ከዚያ ወዲያ የእሱም በር ላይ ግመል ተሣለ። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም፤ በእኛ ቤት እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍ ሰውየውን መጠርጠር ነው።

ደወልኩለት። አልካደም። ስሙን የሚገዛው የአዲስ አበባ ቅመም አሻጊ ነው። ግመሉንም በንግድ ምልክትነት ሊያስመዘግበው አስቧል፤ ኋላ ጠብ እንዳይነሣበት ግን አባቴ መስጠቱን ከራሱ አፍ መስማት ይፈልጋል። በማግስቱ ይመጣሉ።

ወደ ጠበቃ ሮጥኩ። «እናንተም ያስመዘገባችሁት ነገር የለም» አለኝ። «አባትሽ ሐጂ አልሰጠሁም ካሉ ገዢው ይሸሻል። ሰጥቻለሁ ካሉ ግን ግመሉ ሄደ በይው።»

በማግስቱ ጠዋት አባቴ አብሽ እየነፋ ለመንኩት። «አባ፣ አንዲት ቃል ናት።» ወንፊቱን አላቆመም።

ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መጡ። ያኔ የተጠሩት ሁለቱ ሽማግሌዎች አሁንም ተጠርተው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ያ ሰው የአባቴን ትከሻ ሳመ፤ እኔን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ገዢው ትሑት፣ ለስላሳ ሰው ነበር።

«ሐጂ፣ ግመሉን ለእሳቸው ሰጥተዋቸዋል?»

አባቴ ሽማግሌዎቹን አየ። ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ።

«ሰጥቼዋለሁ» አለ። «እንዲኖርበት ነው እንጂ እንዲሸጠው አልነበረም» ሲል ጨመረ።

ገዢው ግን የመጀመሪያዋን ቃል እንደሰማ ተነሥቷል። አመስግኖ ወጣ።

«ሐጂ፣ ቸግሮኝ ነው» አለ ያ ሰው፣ እንደተቀመጠ።

«ምነው ታዲያ ሳትነግረኝ?»



ያን ቀን አባቴን ጠላሁት፤ ሰዎቹ ሲወጡም ፊት ለፊት ነገርኩት። «ብትክድ ምን ነበረበት? ሽማግሌዎቹ ላንተ ሲሉ ዝም ይሉልህ ነበር።»

«ዝም ማለታቸውን ነው የፈራሁት» አለኝ።

ግመሉ በገዢው ስም ተመዘገበ፤ ከበራችን እንድናነሣው ማስጠንቀቂያ ደረሰን። ቀለም ቀቢ ልጥራ ስለው አባቴ እምቢ አለ። ኖራ በጥብጦ፣ ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ፣ ራሱ ቀባው።

በሳምንቱ የገበያ ቀን አንዲት ሴት ነጩ በር ፊት ቆማ ግራ ቀኙን ታያለች። ከትክል ድንጋይ ነው የመጣችው፤ ልጇን ልትድር ነው።

«አያ፣ ግመሉ ቤት ወዴት ነው? እዚህ ነው ብለውኝ ነበር።»

ከውስጥ ሆኜ ይኸው ነው ይላታል ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ እጁን ጠራርጎ ወጣና ወደ ታች አመለከታት፤ ገዢው እዚያ ግመሉን እንደ አዲስ አሥሎ ሱቅ ከፍቶ ነበር።

«መናኸሪያው አጠገብ ነው፣ እቴ። አንገቱ ረጅም ነው፤ አይጠፋሽም።»

ሴትዮዋ መርቃው ሄደች።