ያቃናሁት መስመር

በጃፓኖች የእንጨት ኅትመት ሥዕሉ በስስ ወረቀት ላይ ይሣልና፣ ፊቱ ወደ ታች ተደርጎ በሩዝ ሙጫ ሳንቃ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወረቀቱና እንጨቱ አብረው ይቆረጣሉ። መስመሩ ብቻ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ሌላው ሁሉ ተፈቅፍቆ ይወጣል። ሥራው ሲያልቅ ሳንቃው አለ፣ ሥዕሉ ግን የለም። ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀው ነበር፤ የሰው ሥዕል እጄ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ግን አላስፈራኝም።

ያስተማሩኝ፣ በተሰደድኩበት ከተማ አቢዴል በሚባል ሰፈር የሚኖሩ ጃፓናዊት አሮጊት ናቸው። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ሐሙስ ሐሙስ ቤታቸውን አጸዳ ነበር። አንድ ቀን ምድር ቤት ወርጄ ሲቀርጹ አየሁና መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አልተቆጡም፤ ቅዳሜ ነዪ አሉኝ። እንግሊዝኛ አንቱ ባይኖረውም እኔ በልቤ አንቱ እላቸው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ መስመር ብቻ አስቀረጹኝ። መስመሩ ሲሰበርብኝ ሳንቃውን ገልብጠው እንደገና ጀምሪ ይሉኛል፤ ሌላ ወሬ የለም። ኤሪን ውድስ በሚባለው ሰፈር አብራኝ የምትኖረው ልጅ አላምን ብላ፣ "የሳተርደይ ሺፍትሽን ካንስል አድርገሽ እንጨት ትፈቀፍቂያለሽ? ሲሪየስሊ?" ትለኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ባለቤታቸው ሞቱ። ሠዓሊው እሳቸው ነበሩ፤ ሚስት ትቀርጻለች፣ ባል ይሥላል። ታመው ተኝተው ሳሉ አንድ የመጨረሻ ሥዕል ሠርተው ነበር፤ ወንዝ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት፣ ከጀርባዋ የምትታይ። አስተማሪዬ አትመውት ለሙት ዓመቱ ለዘመድ ለወዳጅ ሊሰጡት አሰቡና ሳንቃው ላይ ለጠፉት። በሁለተኛው ቀን በራቸው ላይ በረዶ አንሸራተታቸው። ቀኝ እጃቸው ተሰበረ፣ ዳሌያቸውም ተጎዳ፤ ሐኪሙ ደረጃ እንዳይወርዱ ከለከላቸው።

እጃቸው እስኪድን ይቆይ እንዳይባል ቺኑክ መጣ። ያ ሞቃት ነፋስ በአንድ ጠዋት በረዶውን ውሃ አደረገው፤ ቤቱም እንደ ምጣድ ደረቀ። ወርጄ ሳይ ሙጫው ደርቆ የወረቀቱ ጠርዝ ከሳንቃው መነሣት ጀምሯል። ወጥቼ ነገርኳቸው። "አንቺ ትቆርጪዋለሽ። መስመሩን ተከተይ፣ በቃ" አሉኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ትልቅ ሰው ሲያዘኝ እምቢ ማለት አልችልበትም፤ አንገቴን ደፍቼ ወረድኩ። ቢላዋው በጡጫ ተጨብጦ በሌላው እጅ ጣት ነው የሚገፋው። መስመሩ ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። ቢላዋው ትንሽ ቢያመልጠኝ የሞተ ሰው ተመልሶ አይሥለውም። ላቤ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በሻሽ አሰርኩ። ሁለት ጊዜ ሥራዬን አቋርጬ ሮጬ ሽንት ቤት ገብቻለሁ። ከላይ ወለሉ ሲንቋቋ ሰሙኝ እያልኩ ትንፋሼን እይዛለሁ።

በዚህ ሁሉ መሀል ነው አንድ ነገር ያየሁት። መስመሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። የሴትዮዋ ትከሻ፣ አንገቷ፣ የወንዙ ዳር፣ ሁሉም ጥርስ ጥርስ አውጥቷል። ይህንን ዘመድ ሁሉ ሊያየው ነው ብዬ አፈርኩ፣ ለሟቹ አፈርኩላቸው። አያቴ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ እየሞላን፣ ሲፈስባቸው ፊታችንን እያዞርን ነው ያደግነው። የትልቅ ሰው ገመና የሚሸፈነው እንደዚያ ነበር። እናም ቢላዋውን በመንቀጥቀጡ ውስጥ ቀጥ አድርጌ አሳለፍኩት። ሁለት ዓመት የተማርኩት ቀጥ ያለ መስመር መቁረጥ አይደል? ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ደፈረ። ሦስት ቅዳሜ ፈጅቼ ጨረስኩ። አንድም መስመር አልተሰበረብኝም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሳንቃውን አጥቤ፣ ቀለም ቀብቼ፣ እርጥብ ወረቀት አልብሼ አሸሁትና የመጀመሪያውን እትም ይዤላቸው ወጣሁ። ፍርሃቴ ለቆኝ፣ እንዲያውም ኩራት ቢጤ ይሰማኝ ነበር።

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ብዙ ጊዜ አዩት። በግራ እጃቸው ጣት የሴትዮዋን ትከሻ እስከ አንገቷ ተከተሉ።

"ቆንጆ ነው" አሉ። ከዚያ፣ "እሱ ግን የት አለ?" አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ባላቸውን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ሰው እንዳያይባቸው ብዬ ነው ያቃናሁት አልኳቸው፤ እንግሊዝኛዬም ጠፋብኝ። አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ያ መንቀጥቀጥ እሱ ነበር" አሉ። "ፍቅፋቂውን የት አደረግሽው?"

የወረቀቱ ቁርጥራጭ እንጨቱ ላይ እንደተጣበቀ ነው የሚወጣው፤ የመስመሩ ጥርስ ያለው እዚያ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ስጨርስ ጠርጌ፣ በፌስታል ቋጥሬ ከጓሮ አወጣዋለሁ። የቆሻሻ መኪናው ጠዋት ሲያልፍ ሁለታችንም ሰምተነው ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ተነሡና የተከለከሉትን ደረጃ መውረድ ጀመሩ። አይሆንም ብል አልሰሙኝም። ይወድቁብኛል ብዬ እጄን ዘርግቼ ከኋላቸው ወረድኩ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ቀስ ብለው ተንበረከኩና በደህና እጃቸው ወለሉን ይዳብሱ ጀመር። ጥግ ጥጉን ሁሉ ዳበሱ። ያጸዳሁት እኔ ነበርኩ፤ አንድ ስባሪ እንኳ አላገኙም።