በነጠላ ያጠለልኩት አጓት

በደርግ ጊዜ ባለቤቴን አጋሮ ቡና ሊገዛ በሄደበት ያዙትና ጅማ አምጥተው አሰሩት። ጨጓራው ታሞ ከአጓት በቀር የሚቀበለው ነገር አልነበረም። እኔ ሲፈጥረኝ አፌ አያርፍም፤ እስር ቤቱ በር ላይ ግን ምላሴን ነክሼ ነበር የምቆመው።

መጀመሪያ የላም አይብ ሳወጣ የሚወርደውን አጓት ብወስድለት አላነሳውም። ጎረቤታችን፣ አዮ የምንላቸው ሴትዮ፣ ፍየሎች ነበሯቸው። «ዲሲ! ተይው ልጄ» አሉኝ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ። «የአይብ አጓት አንዴ እሳት አይቷል፤ ጉልበቱን አይቡ ላይ ጥሎ ነው የሚወርደው።» እሳቸው የፍየሉን ወተት እሳት ሳያሳዩ አርግተው በጨርቅ ያጠልሉታል። የወረደውን ጥርት ያለ አጓት ቀስ አድርገው ሲያሞቁት ለስላሳ ነጭ ፍርፋሪ ብቅ ይላል። በፔርሙዝ ሞልቼ ስወስድለት ባሌ በዚያ ነፍስ ዘራ፤ ፔርሙዙ በየቀኑ ባዶውን ይመለስ ጀመር።

አንድ ቀን አዲስ ጠባቂ መጣ። ስንቅ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል፤ እኔም ቀመስኩ። እሱ ግን ፔርሙዙን አዘንብሎ ነጩን አየ።

«ምን በጥብጠሽበት ነው?»

«ከራሱ የወጣ ነው፣ ወንድሜ።»

«ውሃ ከራሱ ነጭ ያወጣል? ነገ ጥርት ያለ አምጪ፤ አለዚያ አንቺም እዚሁ ትቀሪያለሽ!»

እኔ ብልጧ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሦስት ቀን ሙሉ ነጩን በነጠላዬ አጥልዬ ለድመት ሰጠሁ፣ ጥርት ያለውን ለባሌ ወሰድኩ። ጠባቂው ያለ ነገር አሳለፈኝ። በሦስተኛው ቀን ፔርሙዙ እስከ ግማሹ እንደሞላ ተመለሰ። ሊሞትብኝ ነው ብዬ እየሮጥኩ አዮ ዘንድ ሄድኩ።

አዮ ሲሰሙ ጮሁብኝ። «ያ አላህ! ጉልበቱን ለድመት፣ ውሃውን ለባልሽ?»

በማግስቱ እሳት ያላየ አጓት ይዤ ሄድኩ። ጠባቂው ሻይ የሚያፈላበት ከሰል በሩ ጥግ ነበር። «ይኸው፣ ጥርት ያለ ነው። አሁን እዚሁ በፊትህ ላሙቀው» አልኩት። እምቢ ቢል አበቃልኝ። አፍጥጦ አየኝና የሻይ ጣሳውን ገፋ አደረገልኝ።

ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ምንም የለም።

«እሺ፣ የታለ?» አለ። ከሰሉን እፍ እፍ አልኩበት። ከዚያ ዳር ዳሩ ሲሞቅ ነጩ ብቅ ብቅ አለ። በማንኪያ ቀመሰ፤ ደገመ። ፊቱን ሳይፈታ «አስገቢው» አለኝ። ያን ቀን ፔርሙዙ ባዶውን ተመለሰ፤ እሰይ!

ባሌ ሲፈታ ይህን ሁሉ እንደ ጀብዱ አወራሁለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «ሦስት ቀን ነጩ ሲጠፋ ተስፋ የቆረጥሽብኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ለወጉ ያህል ውሃ የምትልኪልኝ። ለዚህ ነው ያልጨረስኩት።»