ያስመስላሉ አልኩ

ወደዚያ መጋዘን ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፦ እርጥብ ሲሚንቶ፣ በሩ ሥር የተቀመጠ የሽንት ባልዲ፣ የአርባ ሰው ካልሲ። ቅቤ ነጋዴ ነኝና ከዓይኔ ይልቅ አፍንጫዬን አምናለሁ። ቦታው ከ18 ማዞሪያ ብዙም አይርቅም። ማስክ አገጭ ላይ በሚንጠለጠልበት በዚያ የአዋጅ ሰሞን እስር ቤት አድርገውት ነበር። የእኔ ጥፋት ሱቄ ደጃፍ ላይ የተናገርኳት አንዲት ቀልድ ናት። እዚህ አልደግማትም፤ ያኔም ሁሉም ሰው አልሳቀባትም።

በሳምንቴ ካቦ አደረጉኝ፣ የእስረኛ አለቃ ማለት ነው። ነጋዴ ሰው ስንቅ ማካፈል አያቅተውም ብለው ይመስለኛል። ልማዱ እንዲህ ነው። አዲስ የገባ ሰው በሩ አጠገብ ቆሞ ለምን እንደታሰረ ለሁላችንም ይናገራል። ከዚያ ካቦው ማዕድ ይመድብለታል። የአንድ ማዕድ ሰዎች ከየቤታቸው የመጣውን አብረው ይበላሉ፣ ጎን ለጎን ይተኛሉ። ታሪኩ ያላማረን ሰው ግን ባልዲው አጠገብ ለብቻው ይቀራል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ አስገቡ። ካፖርት የለበሱ፣ ወደ ሰባ የሚጠጉ፣ አስኮ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። ዓለም ባንክ አካባቢ አንድ ጥበቃ ያለው ግቢ በር ላይ ደጋግመው ሲዞሩ ነው የተያዙት።

«ጋሼ፣ ወዴት ሲሄዱ ነው የያዙዎት?» አልኳቸው።

«ባለቤቴን ሐኪም ቤት ልጠይቃት ስሄድ።»

በማግሥቱ አንድ መካኒክ ቢጠይቃቸው «ሥራ ልገባ ስሄድ» አሉት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ «ወደ ቤቴ ስሄድ ነበር» አሉ።

«ዓለም ባንክ ምን ቤት አለዎት?» አልኳቸው።

«እሱን ነው እኮ እኔም የምጠይቀው!» ብለው ሳቁ።

«ይቺ ሳቅ የሠለጠነች ናት» አለ መካኒኩ በጆሮዬ። «ጆሮ ጠቢ እንዳይሆኑ፣ ካቦ።»

እኔ ቅቤ ስገዛ ቆንጠር አድርጌ መዳፌ ላይ አሟሙቄ አሸታለሁ። ባዕድ ነገር የገባበት ቅቤ ሲሞቅ ራሱን ያጋልጣል። ሽማግሌውንም እንዲሁ የለየኋቸው መሰለኝ። «ተቀላቅሏል» አልኩ። ሰው ሳቀ። ማዕድ አልመደብኩላቸውም። ድርሻቸውን በፌስታል አድርጌ ባልዲው አጠገብ ሳቀብላቸው «እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ» ይሉኛል። ጫማቸውን ግራና ቀኙን አቀያይረው ሲያጠልቁ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ።

በአምስተኛው ቀን መርማሪው በሩ ላይ ጠራኝ። እጁ ላይ ወረቀት ይዟል።

«ሽማግሌው ስማቸውን ስጠይቃቸው የአውቶቡስ ቁጥር ይነግሩኛል። ክሊኒክ ልልካቸው ነው። ግን አብረሃቸው የምትውለው አንተ ነህ። ታመዋል ወይስ ያስመስላሉ?»

«ያስመስላሉ» አልኩ።

ማንም አልመታኝም፤ ማንም አላስፈራራኝም። ብልጥ መባል አማረኝ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። መርማሪው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ በኋላ ሳል ቤቱን አዳረሰው። ሦስት ቀን ትኩሳት ጣለኝ። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ክትፎ ልካልኝ ክዳኑን ብከፍተው ምንም የለም። ምግቡ አለ፤ ሽታ የለም።

«ቅቤ አልገባበትም እንዴ?» አልኩ።

መካኒኩ ጣቱን እየላሰ «ኧረ ካቦ! ከቅቤው ሌላ ምን አለው?» አለኝ።

በዚያው ቀን አንድ ጠባቂ የቤተሰብ ስልክ ሊመዘግብ መጣ። ተራዬ ሲደርስ «ዜሮ ዘጠኝ» አልኩና ቆምኩ። ዕድሜ ልኬን የምደውልበት የባለቤቴ ቁጥር ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ስፈልገው ሰው ለቆት የሄደ ቤት ሆኖ ቆየኝ።

«ያስመስላል!» አለ አንዱ ከኋላ፣ እየሳቀ።

አብሮን የታሰረ አንድ ነርስ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። «ተወው፣ አታስመስልም» አለኝ። «ኮሮና ሳንባ ላይ ብቻ የሚቀር እንዳይመስልህ። አንጎልንና ነርቭንም ይነካል። ሽታ ያጠፋል፣ አንዳንዱን ሰው ሐሳቡን ያደበዝዝበታል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ደግሞ ሳይስል፣ ሳያተኩሰው፣ በመዘባረቅ ሊጀምር ይችላል። ቀኑ ይጠፋበታል፣ ቦታው ይጠፋበታል።»

«ይለቃል?»

«አንተን ሳይለቅህ አይቀርም። እሳቸው ግን መታየት ነበረባቸው። እስካሁን ለምን ክሊኒክ እንዳልወሰዷቸው አልገባኝም።»

እኔ ገብቶኛል። ዞሬ ሽማግሌውን አየኋቸው።

ባልዲው አጠገብ ካፖርታቸውን ተከናንበው ተኝተው ነበር። ዋሾ ቢሆኑ ኖሮ አንዷን ታሪክ አጥንተው ሦስቴ ይደግሙልኝ ነበር። አጭበርባሪ ሻጭ እኮ ቃሉ አይለዋወጥም። ገበያ ውስጥ ያረጀ ሰው ይህን እንዴት ይስታል?

ከሰዓት ለቆጠራ ስንሰለፍ መርማሪው መጣ። ከሰልፉ ወጣሁ።

«ሽማግሌው ያስመስላሉ ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ታመዋል።»

ነርሱ ቀና ብሎ አየኝ። ያንን አስተያየት አልረሳውም።

«አሁን ደግሞ ሐኪም ሆንክ?» አለ መርማሪው።

«ያን ጊዜም አልነበርኩም፤ ጠየቁኝና መለስኩ እንጂ። እሱ ነርስ ነው፣ እሱን ይጠይቁት።»

መርማሪው ነርሱን ለብቻው አነጋገረው። እኔም ካቦነቱን እዚያው ለመካኒኩ አስረከብኩ። ማንም ተው አላለኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌውን ክሊኒክ የሚወስድ መኪና መጣ። ተንበርክኬ ጫማቸውን በትክክል አጠለቅኩላቸው። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ምን አድርገኸኝ፣ የኔ ልጅ?» ፊታቸው ላይ ቅሬታ የለም፤ እኔ ማን እንደሆንኩም የለም።

«ቦታ ነፍጌዎት ነበር።»

«ለቦታ ነው እንዲህ የምትሆነው? ጠጋ ጠጋ ሲባል ለሁሉም ይበቃል።»

የነገርኳቸው ግማሹን ነው። ትልቁ ግማሽ አፌ ውስጥ ቀረ። የካፖርታቸውን ቁልፎች እስከ አንገታቸው አንድ በአንድ ቆለፉ። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ለሳቀባቸው ቤት በሙሉ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «በሰላም ግቡ» አሉና ወጡ።

እኔም ከሳምንታት በኋላ ወጣሁ። የባለቤቴ ቁጥር ተመልሶልኛል። ሽታው ግን በከፊል ነው፤ አንዳንዱ ለጋ ቅቤ አሁንም የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል፤ ስገዛ ባለቤቴ ናት የምታሸትልኝ።

ነርሱን አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሽማግሌው በሕይወት አሉ፤ ደህና የሚሆኑበት ቀን አለ፣ ልጃቸውን የማያውቁበትም ቀን አለ። ያን ጊዜ ቶሎ ቢታዩ ይሻላቸው ነበር ወይ አልኩት። «አይታወቅም» አለኝ። አለመታወቁን እንደ ምሕረት ልቆጥረው ሞከርኩ፤ እሺ አላለኝም።

ቤታቸውንም ነግሮኛል። አስኮ ለሥራ በሄድኩ ቁጥር ታክሲው በፌርማታቸው ያልፋል። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ይላል። እኔ ሌላው ሰው እንዲወርድ እግሬን ሰብስቤ አሳልፈዋለሁ።