ብሞት ማን ያመጣኛል?

ባለፈው ዓመት ነው፣ መስቀል እንዳለፈ። ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። አንዲት ጥያቄ ጠይቄ፣ መልስ የሚሰጠኝ ሰው ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አጣሁ።

ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጄ "አባዬ፣ ናና የልጅ ልጆችህን እይ" ብሎ ትኬት ላከልኝ። ለመንገድ የጤና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል ተባለ። ሴቷ ልጄ አበበች አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ይዛኝ ሄደች።

እዚያ ያለችው ሠራተኛ፣ ልጅ ናት፣ ሁለት ዓይነት አለ አለችን። ርካሹ ሐኪም ቤት ብተኛ ይከፍላል። ጥርሴን ቢያመኝ ይከፍላል፣ ሻንጣዬ ቢጠፋም ይከፍላል። ውዱን ግን "ሌላም ሌላም ይጨምራል" ብላ አለፈችው። አበበች "ርካሹ ይበቃዋል" አለች።

እኔ ደግሞ የማውቀው አለ። የጎረቤቴ ልጅ እዚያው አገር ሞቶ እዚያው ተቀበረ። እኛ እዚህ ድንኳን ተክለን፣ ፎቶውን አስቀምጠን አለቀስን። እናቱ ሬሳውን ስላላየች ዛሬም ስልክ ሲጮህ እሱ እየመሰላት ትደነግጣለች። በእኔ እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም። የምቀበረው አባቴ አጠገብ ነው።

"ልጄ፣ እዚያ ብሞት ሬሳዬን ያመጣል?" አልኳት።

"በኢየሱስ ስም! ምን ነካዎት አባባ? በሰላም ሄደው በሰላም ይመለሳሉ!"

"እሱንማ ፓስተሩም ጸልዮልኛል። አንቺን የጠየቅሁሽ ስለ ኢንሹራንሱ ነው።"

አበበች በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። "አባዬ፣ መንገደኛ እንዲህ አይናገርም! ሟርት ነው!" ከኋላችን ወረፋ የያዘ ሰውዬ ደግሞ "ክፉ አይንካዎት ጋሼ፣ እንዲያውም ወፍረው ነው የሚመጡት" አለ። እሱን ማን ጠየቀው?

ደግሜ ጠየቅኋት። ልጅቷ ሳቅ አለችና ስለ ጥርስ ጀመረች።

"የሞተ ሰው ጥርሱን አያመውም!" ብዬ ጮህኩ። ካልነገርሽኝ አልፈርምም፣ ከዚህም አልነሳም አልኳት። ወረፋው ማጉረምረም ጀመረ።

በመጨረሻ ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ርካሹ አያመጣም። የሚያመጣው ውዱ ነው" አለችኝ።

"ታዲያ ዝም ብለሽ ልታስፈርሚኝ ነበር?"

"አባባ፣ እርስዎን በመሰለ ትልቅ ሰው ፊት እንዴት ብዬ ልናገረው?"

አበበች ዓይኗ እንባ ሞላ። ያኔም ቃሉ ከአፏ አልወጣም። "ያንኛውን... ያንኛውን አድርጊለት" ብቻ አለች።

ሄድኩ፣ የልጅ ልጆቼን አየሁ፣ በሳጥን ሳይሆን በእግሬ ተመለስኩ። አበበች አሁን "አየህ፣ በከንቱ ነው ያንን ሁሉ ብር ያወጣነው" ትለኛለች። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። እዚያ ሳለሁ ኃይለኛ ሳል ይዞኝ ነበር፤ ሁሉም ሲደነግጥ እኔ አልፈራሁም። የትም ብወድቅ የት እንደምገባ አውቃለሁ።

ሞት ስሙን ስላልጠሩት የሚቀር ቢሆን ኖሮ፣ እነ አያቴ ዛሬም ከኛ ጋር ቆጮ ይበሉ ነበር።